ግላይደር ስትገጥሙ መሪው ሳይያያዝ እንዳትነሱ፦ ከትሬይለር እስከ መነሻ

ግላይደር፣ ማለትም ሞተር ሳይጠቀም የሚንሳፈፍ አውሮፕላን፣ አብዛኛውን ጊዜ ክንፉና ጭራው ተፈትቶ ትሬይለር ውስጥ ነው የሚያድረው። መብረር በፈለጋችሁ ቁጥር ሜዳ ላይ ትገጥሙታላችሁ፤ ማታ መልሳችሁ ትፈቱታላችሁ። ስለዚህ ኤሌሮኑ (ክንፉ ላይ ያለው፣ ግላይደሩን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ክፍል)፣ ኤር ብሬኩ (ከክንፉ ብቅ ብሎ ቁልቁል ለመውረድ የሚረዳው) እና ኤሌቬተሩ (ጭራው ላይ ያለው፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) ከኮክፒቱ (ፓይለቱ ከሚቀመጥበት ክፍል) ጋር በየቀኑ እንደ አዲስ ይያያዛሉ። አንዷ መጋጠሚያ ብትረሳ መሬት ላይ ላይታወቅ ይችላል። የሚታወቀው ከተነሳችሁ በኋላ ነው።

በዚህ ስህተት የሚጎዱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ለዓመታት ሲገጥሙ የኖሩ ሰዎችም ሞተውበታል። ብዙዎቹ "ፈትሸነው ነበር" የሚሉት ስቲኩን (ፓይለቱ በእጁ የሚይዘውን መሪ) ወዲያና ወዲህ አድርገው ክንፉ ላይ ያለው ነገር ሲወዛወዝ ማየታቸውን ነው። ይህ አይበቃም። ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ተያይዟል ማለት አይቻልም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይሳባል፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ተይዞ ይፈተናል።

መመሪያው በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በሌላ አገር የግላይደር ክለብ ገብታችሁ መግጠም ለጀመራችሁ ነው። የግላይደሩ የበረራ መጽሐፍ እዚህ ካለው የተለየ ነገር ካለ መጽሐፉን ተከተሉ።

1. ትሬይለሩን ከመክፈታችሁ በፊት

አንድ ኃላፊ ሰይሙ። የሚያዘው እሱ ብቻ ነው። ሁለት አዛዥ ባለበት አንዱ "ያኛው አያይዞታል" ብሎ ያልፋል፤ ያኛውም እንደዚያው ያስባል።

ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ሰላምታ ለመስጠት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በትህትና "ገጥመን እንጨርስና እናወራለን" በሉት። የሚገባው ሰው አይቀየምም፤ የማይገባው ቢቀየምም ይቀየም።

ፒኖችን፣ ብሎኖችንና ሴፍቲ ፒኖችን በሙሉ አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጉ። ቁጠሯቸው፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ስትጨርሱ ሳጥኑ ባዶ መሆን አለበት። አንዲት ሴፍቲ ፒን ከተረፈች "የድሮ ትርፍ ናት" ብላችሁ ኪስ ውስጥ እንዳትከቷት። ቦታዋ እስኪታወቅ ድረስ ግላይደሩ አይነሳም።

የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ንጹሕ ጨርቅና ግራሶ አጠገባችሁ ይኑር። መጋጠሚያዎቹን በሙሉ ጥረጉ። የከረመ ግራሶ አሸዋ ይይዛል፤ አሸዋ ያለበት መጋጠሚያ ደግሞ የተቆለፈ መስሎ በግማሽ ይቀራል። ከጠረጋችሁ በኋላ መጽሐፉ በሚያዘው መጠን በስሱ ቀቡ።

2. ክንፎቹ

መጀመሪያ መጽሐፉን ክፈቱ። ስቲኩና የኤር ብሬኩ እጀታ በየትኛው ቦታ ሆነው ክንፍ እንደሚገባ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አንዳንዱ ኤር ብሬኩ ተከፍቶ፣ አንዳንዱ ተዘግቶ ነው። በግምት አትሂዱ።

ክንፉን ቀስ ብላችሁ አስገቡ። አንድ ሰው ክንፉ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰው ሥሩ ጋ ይሁን። ሥሩ ጋ ያለው ሰው ዓይኑ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ክንፉ ከሚያደርሱት ዘንጎች ላይ አይነሳ። ወደ ውስጥ በሚገባው ክንፍና በግላይደሩ አካል መካከል የተቀረቀረ ዘንግ በቀላሉ ይታጠፋል።

*ዋናው ፒን አልገባ ካለ፦* ቀዳዳዎቹ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። ጫፍ ላይ ያለው ሰው በጣም በትንሹ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ ያድርግ። መዶሻ አታንሱ። ቀዳዳው መግጠሙን ለማወቅ ጣታችሁን ከቶ እንዳትሰዱ። ክንፉ ትንሽ ከተነቃነቀ ጣት ይቆረጣል። በባትሪ ብርሃን እዩ።

ፒኑ ሲገባ ወዲያው ቆልፉት። "በኋላ እቆልፈዋለሁ" የሚባል ሥራ እዚህ የለም።

3. የመሪ መጋጠሚያዎቹ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

*ሎቴሊዬ*

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ ብዙ የፋይበር ግላይደሮች ሎቴሊዬ የሚባለውን መጋጠሚያ ይጠቀማሉ። ኳስና ጎድጓዳ ማቀፊያ ነው፤ ከመኪና መሪ ቴስቲና ጋር ይመሳሰላል። ማቀፊያው ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ ሽብልቅ አለ። ኳሱ ሲገባ ሽብልቁ ተመልሶ መውጫውን ይዘጋበታል። ሽብልቁ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዓይናችሁ መፈለግ ያለበት እሷን ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ) ሽብልቁን በአውራ ጣት ተጫኑና ማቀፊያውን ኳሱ ላይ እስከ መጨረሻው አስገቡ።
ለ) ሽብልቁን ልቀቁ። ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መውጣት አለበት።
ሐ) ቀዳዳዋን በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ካልታየች አልተቆለፈም።
መ) ሽብልቁን ሳትነኩ ማቀፊያውን ከኳሱ ለማላቀቅ በኃይል ሳቡት። ወደ ጎንም ሞክሩት።
ሠ) ሴፍቲ ፒኗን በቀዳዳዋ አሳልፉ።

ረድፉን አትቀያይሩ። በተለይ "መ"ን አትዝለሉ። ኳሱ ማቀፊያው አፍ ላይ ብቻ ተቀምጦ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ስቲኩን ስታንቀሳቅሱ ዘንጉ ይገፋል፣ ኤሌሮኑም ይነሳል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። አየር ላይ ኃይል ሲያርፍበት ግን ይወጣል።

ሴፍቲ ፒኗ ጌጥ አይደለችም። ያለ እሷ ሽብልቁ በንዝረት ብዛት ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። በፒን ፋንታ ተንሸራታች ቀለበት የተገጠመላቸው ግላይደሮችም አሉ። የእናንተው እንደዚያ ከሆነ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው መምጣቱን በጣት ዳብሱ።

*ፒኗ አላልፍ ካለች፦* አትታገሏት፣ በፒንሳም አትጭመቋት። መጋጠሚያውን ፍቱት፣ ጥረጉት፣ ከ"ሀ" ጀምሩ። ሁለተኛም እምቢ ካለ ወይ ኳሱ ሞላላ ሆኗል፣ ወይ ሽብልቁ ተበልቷል፣ ወይ ስፕሪንጉ ደክሟል። ያን ቀን በረራ የለም። ፈቃድ ያለው የግላይደር ቴክኒሻን ይየው። ቀጭን ሽቦ ፈልጎ ማሳለፍ ጥገና አይደለም።

*ተይዞም የሚላወስ ከሆነ፦* ኳሱ ውስጡ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ያው ነው። ቴክኒሻን ጥሩ።

*በብሎን የሚያያዙ*

አሮጌ የእንጨትና የብረት ግላይደሮች ላይ ዘንጎቹ በብሎን ወይም በፒን ይያያዛሉ። ብሎኑ መግባቱ ግማሽ ሥራ ነው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው መቆለፊያ ሌላው ግማሽ ነው። ይህ የግላይደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ከሳክራሜንቶ አቅራቢያ የተነሳ የኤመሪ ወርልድዋይድ ዲሲ-8 የጭነት አውሮፕላን በቀኝ ኤሌቬተሩ መቆጣጠሪያ ላይ ያለ ዘንግ ተላቀቀበት። ብሎኑ በአግባቡ አልተቆለፈም ነበር። ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ያን የሚያህል አውሮፕላን በአንድ ብሎን ከወደቀ፣ ሜዳ ላይ በእጅ የምንገጥመው ግላይደር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አስቡት።

*በራሳቸው የሚያያዙ*

አዳዲሶቹ ላይ ክንፉ ሲገባ መሪውም አብሮ ይያያዛል። እፎይታ ነው፤ ግን ያዘናጋል። ከክንፉ በኩል ያለው ጫፍ ወደ መቀበያው ገብቶ መቀመጥ አለበት። ስቲኩ ከቦታው ትንሽ ከተዛነፈ ወይም ክንፉ ጠመም ብሎ ከገባ ከመቀበያው በታች ወይም በጎን ሊያልፍ ይችላል። ማየት የሚቻልበት ቀዳዳ ካለ በባትሪ እዩ። ካላያችሁት ደግሞ ደረጃ 6 ላይ እንዳትቸኩሉ።

4. ጭራው

ኤሌሮን በአንድ ወገን ቢላቀቅ ሌላው ይዞ ሊያሳርፋችሁ ይችላል። ኤሌቬተር ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ጭካኔ ይኑራችሁ።

አግዳሚውን ጭራ ስታስቀምጡ የኤሌቬተሩ ዘንግ የት እንዳለ ሁለት ሰው ይይ። ዋናውን ብሎን ወይም መያዣ መጽሐፉ በሚለው መጠን አጥብቁ። መቆለፊያው ቦታው መግባቱን እዩ፤ ከዚያ ጭራውን ጫፉ ላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። የሚላወስ ከሆነ አልገባም።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ሞዴሎች ዘንጉ ሳይያያዝ ከኤሌቬተሩ ክንድ ሥር ተደግፎ ይቆማል። ስቲኩን ስትስቡ ዘንጉ ክንዱን ይገፋና ኤሌቬተሩ ከፍ ይላል። ስትለቁት ኤሌቬተሩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከኮክፒት ዞር ብሎ ለሚያይ ሰው ከፍም ዝቅም ብሏል፤ ምንም አልጎደለም። ዘንጉ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያውም ካልተንሸራተተ። ይህን የሚያጋልጠው ኤሌቬተሩን በእጅ ይዞ በሁለቱም አቅጣጫ መፈተን ብቻ ነው።

5. ያልገጠመ ሰው ይመልከት

አሁን በመግጠሙ ያልተሳተፈ፣ ግላይደሩን የሚያውቅ ሰው ጥሩ። የገጠመ ሰው የሚያየው የሠራውን ሳይሆን መሥራት ያሰበውን ነው። እንግዳ ዓይን ያስፈልጋል።

እሱ ብቻውን ይዙር። አጠገቡ ቆማችሁ "እሱን አይቼዋለሁ" አትበሉት። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይይ፣ ፒኖቹን በእጁ ይንካ። ታላቅ ወንድማችሁም ይሁን አስተማሪያችሁ የገጠመው፣ ፈታሹ ሊያፍር አይገባም። አክብሮትን በሌላ ሰዓት ያሳየው።

የመፈተሻ ክዳኖችን ከዚህ በፊት አትዝጉ። በክንፉና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት የምትሸፍኑበትን ፕላስተርም አትለጥፉ። የተለጠፈ ፕላስተር ለሚያይ ሰው ሁሉ "ይሄ ተጠናቋል" ይላል። ሳይጠናቀቅ ከተለጠፈ ሁሉንም ሰው ያሳስታል። መልጠፍ ከደረጃ 6 በኋላ ነው።

6. ይዞ መፈተን

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ኮክፒት ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ።

የውጭው ሰው መዳፉን ዘርግቶ ይይዛል። ስሱን የኋላ ጠርዝ በጣት አይጭመቅ፣ ጫፉንም አይያዝ፤ ይጎዳል። ዘንጉ ከሚያያዝበት አካባቢ ይሁን። ኮክፒት ያለው ሰው ለስለስ ባለ ግን በማይለቅ ኃይል ይገፋል። ጉልበት መፈታተን አይደለም። የሚፈለገው የአንዱ ግፊት ሌላው እጅ ላይ መድረሱን ማወቅ ነው።

ቃላቱ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁኑ፦

— ግራ ኤሌሮን ይዣለሁ።
— ወደ ግራ እገፋለሁ።
— ተሰማኝ።
— ወደ ቀኝ እገፋለሁ።
— ተሰማኝ። ልቀቅ።

የውጭው ሰው "ተሰማኝ" የሚለው ስቲኩ ሲገፋ መዳፉ ላይ ክብደት ሲመጣበት ብቻ ነው። የውስጡም ሰው ስቲኩ እንደተያዘ ሊሰማው ይገባል። ውጭ ተይዞ እያለ ስቲኩ ዝም ብሎ የሚሄድ ከሆነ አቁሙ። አልተያያዘም።

በዚህ ረድፍ ሂዱ፦

1) ግራ ኤሌሮን፣ በሁለቱም አቅጣጫ።
2) ቀኝ ኤሌሮን፣ እንዲሁ።
3) ፍላፕ (ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለ ሌላ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ካለ፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ።
4) ግራ ኤር ብሬክ። የውጭው ሰው ሲወጣ ወደ ታች ይጫነው፣ ሲገባ ደግሞ ያዝ ያድርገው።
5) ቀኝ ኤር ብሬክ።
6) ኤሌቬተር፣ ወደ ላይም ወደ ታችም።
7) ራደር (የቋሚው ጭራ ተንቀሳቃሽ ክፍል)፣ በሁለቱም ፔዳል።

ኤር ብሬኩን ግራና ቀኝ ለይታችሁ ፈትኑ። ያልተያያዘ ኤር ብሬክ መሬት ላይ ተከድኖ ይተኛል። አየር ላይ ግን ከክንፉ በላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ስቦ ያወጣዋል። አንድ ክንፍ ብሬክ ወጥቶበት፣ ሌላው ተዘግቶ ትበራላችሁ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈቱ። እኩል ጀምረው እኩል መውጣት አለባቸው። ስትዘጉም እጀታው ጠቅ ብሎ ሲቆለፍ ሊሰማችሁ ይገባል።

ቀጥሎ አቅጣጫ። ስቲክ ወደ ግራ ሲሄድ ግራ ኤሌሮን ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች። ስቲክ ወደ ኋላ ሲሳብ የኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ። ቀኝ ፔዳል ሲረገጥ ራደር ወደ ቀኝ። አቅጣጫውን ጮክ ብሎ የሚናገረው የውጭው ሰው ይሁን። የውስጡ ሰው "ትክክል ነው?" ብሎ አይጠይቅ፤ "ግራው ወዴት ሄደ?" ብሎ ይጠይቅ። "አዎ" ማለት ሳያዩም ይቻላል።

ይህን የምታቃልሉ ካላችሁ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ፖርቱጋል ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ትልቅ ጥገና ተደርጎለት ከአልቬርካ የተነሳ የኤር አስታና ኤምብራየር ጄት የኤሌሮን ገመዶቹ ተገላብጠው ተገጥመው ነበር። ጥገናው ላይ የነበሩትም ፓይለቶቹም ከመነሳቱ በፊት አላወቁትም። ከብዙ ትግል በኋላ ቤጃ ላይ አረፈ፤ የነበሩት ሁሉ በሕይወት ተረፉ። ኤሌሮኑ መንቀሳቀሱንስ ተንቀሳቅሷል። ወደ ተሳሳተው ወገን ነበር እንጂ።

*አንዱ ካልተሰማ፦* የዚያን መጋጠሚያ ክዳን ክፈቱ፣ ደረጃ 3ን ለሱ ድገሙ። ካስተካከላችሁ በኋላ ፈተናውን ከ1) ጀምራችሁ ሙሉውን እንደገና አድርጉ። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ነክታችሁ ሊሆን ይችላል።

ሲያልቅ ሁለታችሁም በግላይደሩ መዝገብ ላይ ፈርሙ። አሁን ክዳኑን ዝጉ፣ ፕላስተሩን ለጥፉ።

ሥራው መሃል ላይ ከተቋረጠ

ዝናብ መጣ፣ ሰው ጠራችሁ፣ መኪና ማንሳት ነበረባችሁ። ስትመለሱ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። የት እንዳቆማችሁ የምታስታውሱ ይመስላችኋል፤ አትመኑት። የነበራችሁበትን ደረጃ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ስትሄዱ ደግሞ ምልክት ትታችሁ ሂዱ። ስቲኩ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ደረጃ 6 እስኪያልቅ አይፈታ። ያልተጠናቀቀ ግላይደር የተጠናቀቀ መስሎ መቆም የለበትም፤ ሌላ ሰው መጥቶ ወደ መነሻው ሊገፋው ይችላል።

7. ከመነሳታችሁ በፊት ኮክፒት ውስጥ

ስቲኩን እስከ ዳር ድረስ አዙሩ። ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ እርገጡ። ቀበቶ ወይም ካሜራ የሚያግደው እንደሆነ እዚህ ይያዛል። ኤር ብሬኩን ክፈቱ፤ ግራና ቀኝ ዞራችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ዝጉና ቆልፉ። ይህ ፈጣን ፍተሻ ነው፤ ደረጃ 6ን አይተካም። ጠዋት ተገጥሞ ሌላ ሰው የበረረበትን ስትረከቡ ደግሞ ፊርማውን መዝገቡ ላይ እዩ። ከሌለ ይዞ መፈተኑን ራሳችሁ አስደርጉ። መነሻው ላይ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም።

8. ችግሩ ፍተሻውን አልፎ አየር ላይ ቢመጣ

*ኤር ብሬክ ከተከፈተ፦* እጀታውን ወደ ፊት ገፍታችሁ ያዙት። በአሜሪካና በእንግሊዝ በገመድ ስቦ የሚያነሳችሁ ጎታች አውሮፕላን ራደሩን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ "ኤር ብሬክህን እይ" ማለቱ ነው። ገመድ ልቀቁ ማለት አይደለም። ክንፎቹን ካወዛወዘ ግን ወዲያው ልቀቁ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያምታቱ አሉ፤ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ውጤቱ ከባድ ነው።

*አንደኛው ብሬክ ብቻ ወጥቶ አልገባ ካለ፦* ፍጥነታችሁን ጠብቁ። አንድ ወገን መጎተቱ የሚያስቸግር ከሆነ ሌላውንም ክፈቱና ሚዛኑን መልሱ። ከዚያ ቁልቁል ስለምትወርዱ ማረፊያውን ቅርብ አድርጉ።

*ኤሌሮን ከተላቀቀ፦* የቀረው ኤሌሮንና ራደር አሉ። በትንሽ በትንሹ አዙሩ፣ ስለታም መታጠፍ ተዉ፣ ረጅም ቀጥ ያለ አቀራረብ ይዛችሁ እረፉ።

*ኤሌቬተር ከተላቀቀ፦* ገመድ ላይ ከሆናችሁና ከፍታ ካለ ጎታቹን አደጋ ላይ ሳትጥሉ ልቀቁ። ትሪሙን (ስቲኩን ሳትይዙ አፍንጫውን ባለበት የሚያቆየውን ማስተካከያ) ሞክሩ። ኤሌቬተሩ ላይ በራሱ ዘንግ የሚሠራ ትንሽ ክፍል ከሆነ ሊረዳ ይችላል፤ ስቲኩን በስፕሪንግ የሚስብ ዓይነት ከሆነ አይረዳም። የትኛው እንደሆነ መሬት ላይ ሳላችሁ እወቁ። አፍንጫው የማይታዘዝ ከሆነና ከፍታ ካላችሁ አትጠብቁ። ካኖፒውን (የኮክፒቱን ግልጽ ክዳን) ጣሉ፣ ቀበቶውን ፍቱ፣ ውጡ፣ ከግላይደሩ ስትርቁ ፓራሹቱን ሳቡ። የካኖፒው መጣያ እጀታና የፓራሹቱ እጀታ የት እንዳሉ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በእጃችሁ ንኩ። ያን ጊዜ ለመፈለግ ጊዜ አይኖርም።

በሰላም ካረፋችሁ ግላይደሩን ወዲያው አትፍቱት። መጋጠሚያውን እንዳለ ፎቶ አንሱ፣ ለክለቡ ቴክኒሻን ንገሩ፣ መዝገቡ ላይ "አይበርም" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትሬይለሩ የሚመለሰው።